ዱር ቤቴ፤ የጅባት፣ የጭሊሞና የወንጪ ደኖች ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚያመራው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን እየነካ ወደ ወለጋ ይዘልቃል። በዚህ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ በግራና በቀኙ የሚያየው በአብዛኛው የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ የግጦሽ ሜዳና በየደጃፉ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። ከጎዳናው ወደ ደቡብ ገለል ብላ የምትገኘው ሸነን ግን የጅባት ወረዳ ዋና ከተማ እንደ መሆኗ ሌላ መልክ ያለውን አገር ታሳያለች። እዚያ መሬቱ ይሰበራል፤ ገደሉ ይጠልቃል፤ ደመናው በቀትርም ቢሆን ከተራራው ወገብ አይለቅም። ከደጋው ማሳ ወደ ላይ ሲወጣ ዝግባው፣ ቀረሮው፣ ኮሶውና ቀርከሃው እየተከታተለ ይመጣል። ከላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ትወረወራለች፤ ከታች በዝናብ ወራት ጭቃው የሰውንም የበቅሎንም እግር ይይዛል። ጅባት ማለት ይህ ነው። ከእርሱ የሚፈልቁት ጅረቶች ከፊሎቹ በጉደር በኩል ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ በግቤ በኩል ወደ ኦሞ ይወርዳሉ።

እንዲህ ያለውን አስቸጋሪ አገር ለማየት ብቻ መሄድ፣ ማለትም ለአደን ሳይሆን፣ ለማር ቆረጣ ሳይሆን፣ ከጠላት ለመሸሽም ሳይሆን ለማየት ብቻ ገደል መውጣት፣ በአገራችን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በአማርኛ «መጎብኘት» የሚለው ቃል ራሱ በቀድሞ ዘመን የሚነገረው ለታመመ ሰው፣ ለዘመድ፣ ወይም ግዛቱን ለሚመረምር ሹም ነበር። ታማሚ ይጎበኛል፤ ሹም አገር ይጎበኛል። ዛፍና ተራራ የሚጎበኙ ነገሮች ሆነው የተቆጠሩት በኋላ ነው። በአንጻሩ ስለ ጫካ የሚነገሩት የቆዩት አነጋገሮች ሌላ ታሪክ ይመሰክራሉ። «ጫካ ገባ» የተባለ ሰው ሸፈተ ማለት ነው። «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው ግብሩን፣ ዳኛውንና ጌታውን ትቶ የሄደ ነው። እነዚህ አነጋገሮች በሕዝቡ አፍ እንዲሁ የተፈጠሩ አይደሉም፤ ደን ለብዙኃኑ ምን እንደ ነበረ ከብዙ ሰነድ ይልቅ አስረግጠው ይናገራሉ። የምዕራብ ሸዋን ደኖች ታሪክ ለመመርመር የሚሻ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ቢነሣ ይበጀዋል። ይኸውም ደኑ በየዘመኑ የማን ነበር፣ ማንስ እንዲገባበት ተፈቀደለት፣ ማንስ እንዲወጣ ተደረገ የሚለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የነበረው ጥበቃ በእምነትና በሥርዓት የተመሠረተ ነበር። የሜጫ ኦሮሞ የጋራ ጉባኤውን ያደርግ የነበረው በኦዳ ቢሲል ሲሆን፣ ሕግ አውጪው መኮ ቢሊ በአፈ ታሪክ ከዚህ ቦታ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ኦዳ የሾላ ዛፍ ነው። ሕግ የሚታወጅበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ሥልጣን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ዛፍ እንደ ማንኛውም እንጨት መጥረቢያ አይነካውም ነበር። በየአካባቢው የቃሉዎች መኖሪያና የጸሎት ስፍራ የሆኑ ዛፎችም በተመሳሳይ ክብር ይጠበቁ ነበር። በክርስቲያኑም ወገን ቢሆን ነገሩ የተለየ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሁሉ ጥድና ወይራ አለ፤ ከሩቅ ሲታይ በተራቆተ ኮረብታ ላይ አንድ ጥቁር ክብ ደን ብቻ ቢቀር መንገደኛው ደብር መሆኑን ያውቃል። የወንጪ ሐይቅ በቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ተኝቶ፣ ዙሪያውን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ገደል ተከቦ ይገኛል። በሐይቁ ውስጥ በሚገኘው ደሴት ላይ ያለው የቂርቆስ ገዳም ከዚህ ዓይነቱ ጥበቃ የተወለደ ነው። ወደዚያ የሚሄደው ሰው ቁልቁል ወርዶ፣ ውኃ ተሻግሮ፣ ጫማውን አውልቆ ይገባል። ይህም ቢሆን ጉብኝት ሳይሆን ስለት ነበር።

የመናገሻ ደን ታሪክ ከዚህ ወጣ ይላል፤ ምክንያቱም በእርሱ ውስጥ የመንግሥት እጅ ገና ከጥንቱ ይታያል። ከወጨጫ ተራራ በስተምዕራብ ያለው ይህ የጥድ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ የተተከለ እንደሆነ ይነገራል። ዘሩም የመጣው በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን ነው ይባላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ስለሆነ፣ ወጉ እውነት ከሆነ ደኑ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። በዚህ ምክንያት መናገሻ ሱባ በአፍሪካ ከሁሉ የቀደመ ጥብቅ ደን ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለው የማዕረግ እሽቅድምድም ብዙም አያስኬድም። ከማዕረጉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አንድ ንጉሥ የተራቆተ ተራራ አይቶ ዛፍ እንዲተከል አዘዘ የሚለው ወግ በሕዝቡ ዘንድ ተጠብቆ መቆየቱ ነው። የተራራ መራቆት የዛሬ ዘመን በሽታ ብቻ አለመሆኑንም ወጉ ያስረዳል። በዚህ ደን የሚገኘው ጥቁር ድኩላ በሳይንስ ዓለም የሚታወቀው በዐፄ ምኒልክ ስም ነው።

እነሆ ወደ ምኒልክ ዘመን ተደረሰ። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የሸዋ ጦር በራስ ጎበና ዳጨ መሪነት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረገ በኋላ፣ ወደ ምዕራብ ያለው በር ለሸዋ መንግሥት ወለል ብሎ ተከፈተ። ከድሉ በኋላ የመጣውን የመሬት ሥሪት ለአንባቢ በሰፊው መተንተን አያስፈልግም። ባላገሩ ገባር ሆነ፤ መሬቱም ለጦር አለቃ፣ ለባላባት፣ ለቤተ ክህነትና ለቤተ መንግሥት ተከፋፈለ። ደንም ከዚህ ክፍፍል አልተረፈም። ትናንት ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ቀፎውን የሚሰቅልበት፣ ለቤቱ ወጋግራ የሚቆርጥበት ጫካ በአንድ ቃል የጌታ ሆነበት።

የደኑን ዕጣ ከጦርነቱም ከሥሪቱም ይበልጥ የወሰነው ግን አንድ ተራ የሚመስል ነገር ነው፤ የማገዶ ጥያቄ። የሸዋ ነገሥታት ከተማ በአንድ ስፍራ ብዙ አይቆይም ነበር። ንጉሡና ሠራዊቱ በሰፈሩበት ቦታ ዛፉ ሁሉ ለድንኳን ካስማ፣ ለአጥርና ለምድጃ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነቀልና ዛፍ ወዳለበት ይዛወራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይሞሉ እንጦጦና ዙሪያው ተመነጠረ። እንጨት ከሩቅ በሰው ጀርባና በአህያ ይጫን ጀመር፤ የመናገሻ ደንም በዘበኛ እንዲጠበቅ ተደረገ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ አዲስ መናገሻ ሊሠሩ ወደ ምዕራብ አስበው በዚያን ጊዜ ኤጀርሳ ትባል የነበረችውን ስፍራ መረጡ። ኤጀርሳ በኦሮምኛ ወይራ ነው። ንጉሡም ስሟን አዲስ ዓለም አሉት፤ ቤተ መንግሥትም ይሠራባት ጀመር። በስሟ ወይራ የነበረች አገር በእንጨቷ ምክንያት ዋና ከተማ ልትሆን ተቃርባ ነበር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የወጣው መንገድም በአገሪቱ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሆነ።

ሐሳቡ ሳይፈጸም የቀረው በሌላ ዛፍ ምክንያት ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከወደ አውስትራልያ የተገኘው ባሕር ዛፍ አገራችን ገብቶ ነበር። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦ ደግሞ ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። አዲስ አበቤው ሁሉ በግቢው ተከለው። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ከተማይቱ በባሕር ዛፍ ጫካ ተሸፈነች፤ ከቦታዋ የመነሣቷም ነገር ቀረ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ የሚያቀርቡት አዲስ አበባ እንዴት እንደ ዳነች ለማሳየት ነው፤ ትክክል ናቸው። ከምዕራብ ሸዋ በኩል ሲታይ ግን ሌላ ገጽታ አለው። ዋና ከተማይቱ ወደ ኤጀርሳ ብትዛወር ኖሮ ሆለታ፣ ጭሊሞ፣ ምናልባትም ጅባት ድረስ ያለው ደን እንደ እንጦጦ ሁሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ወደ አመድ ይለወጥ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ባሕር ዛፍ አፈር ያደርቃል፣ ምንጭ ይጠጣል እየተባለ ዛሬ ይወቀሳል። ለእነዚያ የጥንት ደኖች ግን ስድሳና ሰባ ዓመት ያህል ፋታ የሰጣቸው ይኸው ባዕድ ዛፍ ነበር።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን በወረረ ጊዜ «ዱር ቤቴ» የሚለው አነጋገር በአዲስ ትርጉም ተነሣ። ቀድሞ ከጌታው የሸሸው ገባር መጠጊያ የነበረው ጫካ አሁን የአርበኛው ምሽግ ሆነ። በጅባትና ሜጫ አውራጃ የተነሣው ተጋድሎ በአገሪቱ ከነበሩት ብርቱዎቹ አንዱ ነው። በ1913 ዓ.ም. በዴንዲ አገር ዮብዶ በተባለው ስፍራ የተወለዱት ጃገማ ኬሎ ወደ ጫካ የገቡት ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ነበር። በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ ከአንድ ጎረምሳ ተነሥተው በሺህ የሚቆጠር ጦር የሚያዝ የአርበኛ መሪ ሆኑ። በአዲስ ዓለም የነበረውን የጠላት ምሽግ የያዙትም እርሳቸውና ጓዶቻቸው ናቸው። ኋላ ሌተናል ጄኔራል ሆነው፣ በ2009 ዓ.ም. በሞት እስኪለዩ ድረስ የአካባቢው ሕዝብ በዘፈኑና በፉከራው ሲያነሣቸው ኖሯል። በወሊሶና በወንጪ በኩልም ገረሱ ዱኪ የታወቁ የጦር አለቃ ነበሩ።

የአርበኛው ስልት መሬቱን የተመረኮዘ ነው። የጠላት ካሚዮንና ታንክ ከጎዳና መውጣት አይችልም፤ አውሮፕላኑ ከዝግባው ጥላ ሥር ያለውን ሰው ማየት አይችልም። አርበኛው ከደን ወጥቶ ጎዳናውን ይመታል፤ ተመልሶም ወደ ደን ይገባል። ስንቅ የሚያቀብለው፣ መንገድ የሚመራው፣ የጠላትን እርምጃ የሚያሰማው ባላገሩ ነው። ባላገሩ ባይኖር ጫካው ብቻውን ማንንም አያድንም ነበር። ከዚህ የተነሣ ደኑ በሕዝቡ ልቡና ውስጥ የክብር ቦታ አገኘ። ኢጣሊያ በበኩሉ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን ጎዳና ሠራ። ጎዳናው የተሠራው ለጦር ነበር፤ ወራሪው ሲባረር ግን ጎዳናው ቀረ። ከዚያ ወዲያ በእርሱ ላይ የተመላለሰው የእንጨትና የከሰል ጭነት ለደኑ ከታንኩ ይልቅ የከፋ ሆነ።

ከነጻነት በኋላ ባለው ሠላሳ ዓመት ደኑ ወደ ገበያ ወጣ። ከተሞች አደጉ፤ ጣውላ ተፈለገ፤ በጭሊሞ የመሰንጠቂያ መጋዝ ሥራ ጀመረ። ጭሊሞ ከጊንጪ ከተማ በስተሰሜን ያለ ጥድና ዝግባ የሞላበት ደን ሲሆን፣ የአዋሽ ወንዝም የሚነሣው ከዚሁ አካባቢ ነው። ከአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለደው ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«እሳት ወይ አበባ» መድበሉ ውስጥ አዋሽን ርእስ አድርጎ መጻፉ ለዚህ አገር ልጅ የሚገባ ነው። ደኑ በዚያን ዘመን በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ እጅ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1965 ሦስት የደን አዋጆች ተከታትለው እንዲወጡ አደረገ፤ አንዱ ስለ መንግሥት ደን፣ አንዱ ስለ ግል ደን፣ አንዱ ደግሞ አፈርና ውኃ ስለሚጠብቅ ደን ነው። በሦስቱም ውስጥ ባለቤት ተብሎ የተጠራው መንግሥት ወይም ባለርስት ነው። ከደኑ ዳር የሚኖረው ጭሰኛ ግን በባለቤትነት ስም የሚቆምበት አንድ አንቀጽ እንኳ አልነበረውም።

ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ነገር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ የሎውስቶን የተባለው የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲታወጅ የተመሠረተበት አሳብ፣ ተፈጥሮ በመንግሥት ተጠብቃ ለሕዝብ ደስታ ትቆይ የሚል ነበር። ሆኖም በዚያው ተራራ ሲኖሩ የነበሩት የአገሬው ነገዶች እንዲወጡ ተደርገዋል። አሳቡ ወደ አፍሪካ ሲሻገር ይህንኑ ጉድለት ይዞ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከዩኔስኮ የተላከ የጥናት ቡድን ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ አዋሽና ሰሜን ተራሮችም ብሔራዊ ፓርክ ተባሉ። የሰሜን ፓርክ በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ይህ አስደናቂ አገር በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ፤ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ከተደረገ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ ተራ ወጣ። በዚህ ሂደት ዋልያው ተጠቅሟል ማለት ይቻላል። የግጭ ሰው ግን አያት ቅድመ አያቱ ገብስ ከዘሩበት ደጋ ወርዶ የከተማ ዳር ኑሮ መጀመር ግድ ሆነበት። ስለ ሰሜን ተራሮች የሚጻፉት የጉብኝት ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ነገር ይናገራሉ፤ ሁለተኛውን ይዘሉታል።

የምዕራብ ሸዋ ደኖች በዚያን ዘመን የፓርክ ማዕረግ አላገኙም። ይህም ለእነርሱ ጉዳት ነው ወይስ ጥቅም ብሎ መከራከር ይቻላል። ጥበቃው ላልቷል፤ የሚኖርበትም ሰው በፓርክ ስም አልተነቀለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የመኳንንቱ ደን ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ጭሰኛው ከባለርስት ተላቀቀ፤ በታሪኩም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሰው መሬት በእጁ ገባ። ደኑን በተመለከተ ግን የተለወጠው የባለቤቱ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የደንና የዱር እንስሳት ጥበቃና ልማት አዋጅ ሥራውን በአንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሥር ሰበሰበው። በመላ አገሪቱም ሃምሳ ስምንት ደኖች ቅድሚያ የሚሰጣቸው የመንግሥት ደኖች ተብለው ተለዩ፤ ጅባት፣ ጭሊሞ ጋጂና መናገሻ ሱባ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ድንበር ተከለለ፤ ጥበቃ ተቀጠረ፤ በገበሬ ማኅበራት አማካይነት በዘመቻ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ተተከለ። በዚያ ዘመን የተሠራው የተከላ ሥራ መጠነ ሰፊ እንደ ነበር መካድ አይገባም፤ እስከ ዛሬ በየኮረብታው የሚታየው የፈረንጅ ጥድ ብዙው የዚያ ዘመን ነው። ነገር ግን ገበሬው የተከለው ችግኝ ሲያድግ የማን እንደሚሆን አልተነገረውም። ድንበሩም በግጦሹና አንዳንድ ጊዜም በማሳው ላይ ሲያልፍ አሳቡን የጠየቀው አልነበረም።

መልሱ የታየው በ1983 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ሲፈርስ ጥበቃው ቦታውን ለቀቀ። በአገሪቱ ዙሪያ የተተከሉ ደኖች በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ተጨፈጨፉ፤ የተፈጥሮ ደኖችም ከጉዳቱ አልዳኑም። ይህን የሰው አላዋቂነት አድርገው የሚያዩ አሉ። ሰፊው ሕዝብ ግን አላዋቂ አልነበረም፤ የኦዳን ጥላ ለመቶ ዓመታት ሳይነካ የጠበቀው ይኸው ሕዝብ ነው። በ1983 ዓ.ም. መጥረቢያ ያነሣው የባዕድ ንብረት ነው ብሎ ባመነበት ዛፍ ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ በጭሊሞ የተሞከረው ነገር ለታሪክ ጸሐፊ የተለየ ትኩረት የሚገባው ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባሉት ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር ሆነው አሳታፊ የደን አስተዳደር የተባለውን አሠራር በጭሊሞና በከፋው ቦንጋ ጀመሩ። አሠራሩ በአጭሩ ሲነገር ቀላል ነው። የደኑ ባለቤት መንግሥት እንደሆነ ይቀራል። ከደኑ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች በየክፍሉ የደን ተጠቃሚ ማኅበር ያቋቁማሉ፤ የትኛው ዛፍ እንደሚነካ፣ የትኛው እንደማይነካ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ የሚወስን ዕቅድ ከመንግሥት ጋር ይፈራረማሉ፤ ደኑንም ራሳቸው በተራ ይጠብቃሉ። በምላሹ ማር፣ ሣር፣ የወደቀ እንጨትና ከተተከለው ደን የሚገኘው ገቢ የእነርሱ ይሆናል። ቀላል ሲነገር ነው እንጂ ለመስማማት ብዙ ዓመት ወስዷል። አንደኛው ችግር «ተጠቃሚ ማነው?» የሚለው ነበር። ከደኑ ዳር ያለው ባለ ማሳ ብቻ ነውን? ከሩቅ እየመጣች እንጨት ተሸክማ ጊንጪ ገበያ የምትሸጠው ድኻ ሴትስ? ማኅበር ሲቋቋም በር ይዘጋል፤ በር ሲዘጋም ከውጭ የሚቀር አለ። ከውጭ የቀሩትም ብዙውን ጊዜ መሬት የሌላቸው ነበሩ።

ያም ሆነ ይህ በጊንጪ ዙሪያ አንድ አሳብ ሥር ሰደደ፤ ደኑ የእኛ ነው የሚል አሳብ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆነው ነገር ከዚህ ተለይቶ አይታይም። በዚያች ዕለት በጊንጪ ተማሪዎች ተቃውሞ ወጡ። የተቃውሞው ምክንያት የከተማው የእግር ኳስ ሜዳና ከደኑ የተወሰነ ክፍል ለባለሀብት ሊሰጥ ነው መባሉ ነበር። ያ ከአዲስ አበባ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የተነሣ ድምፅ የአዲስ አበባና የዙሪያዋን የጋራ ማስተር ፕላን ከሚቃወመው ብሶት ጋር ተገናኝቶ በመላው ኦሮሚያ ተሰማ። የብዙ ወጣት ሕይወት ጠፋ። በጥር 2008 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ፤ ተቃውሞው ግን አልበረደም፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት መሪ ተለወጠ። ስለዚህ ዘመን የሚጽፉ ሰዎች ስለ ፖለቲካ ድርጅቶችና ስለ መሪዎች ብዙ ይላሉ። መነሻው ላይ አንድ ደን እንደ ነበረበት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው ያልፋሉ። አዲስ ዓለም ዋና ከተማ ሊሆን የታሰበው በእንጨቱ ምክንያት መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ፣ የዋና ከተማይቱና የእነዚህ ደኖች ግንኙነት ከመቶ ዓመት በኋላም ያው ጥያቄ ሆኖ መገኘቱን ልብ ይላል።

ወደ ወንጪ እንመለስ ቢባል፣ እዚያ ደግሞ ታሪኩ በፈረስ ይሄዳል። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በዛሬው አከላለል በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ትገኛለች። ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከታች ሰማያዊውን ሐይቅ፣ በደሴቱ ላይ ቂርቆስን፣ በዳገቱ ላይ በእንሰት የተከበቡ ጎጆዎችን ያያል። ፍል ውኃውና አምቦ ውኃ የሚመስለው ጠበል ከሐይቁ ማዶ ነው። ቁልቁለቱ ለእግረኛ ቀላል ቢመስልም ሲመለሱ ግን ሳንባን ይፈትናል። ስለዚህ የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ማከራየት ጀመሩ፤ ኋላም በማኅበር ተደራጅተው ፈረሰኛው፣ መሪውና ጀልባ ቀዛፊው በተራ እንዲሠሩ፣ ገቢውም እንዲከፋፈል አደረጉ። የተራ ደንቡ ከሁሉ ነገር የሚበልጥ ጥበብ ነበረው፤ ምክንያቱም ጎብኚ በመጣ ቁጥር ጉልበተኛው ብቻ እንዳይጠቀም ያደርግ ነበር። እዚህ ላይ የመጎብኘት ሥራ ከሹምና ከባላባት እጅ ወጥቶ በገበሬው እጅ ገባ ማለት ይቻላል። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። «ገበታ ለሀገር» በተባለው በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ በተጀመረው ፕሮጀክትም ጎርጎራ፣ ኮይሻና ወንጪ አብረው ተመረጡ፤ መንገድና ዘመናዊ ማረፊያ ተሠራባቸው። ቀድሞ በጭቃ የሚታሰረው መኪና አሁን እስከ አፋፉ ይደርሳል።

መንገድ መልካም ነው። ለእናቶች ምጥ፣ ለተማሪ ትምህርት ቤት፣ ለድንች ገበያ መንገድ ያስፈልጋል። ነገር ግን መንገድ ሲሠራ ፈረስ ሥራ ይፈታል፤ ማረፊያ ሲሠራ የአዳሪው ገንዘብ ከጎጆው ወደ ሆቴሉ ይዞራል። የፈረሰኞቹ ተራ ይቀጥላል ወይ የሚለው በሥራው ላይ ያሉ ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ነው። የሰሜን ተራሮች ተሞክሮ፣ የየሎውስቶን ተሞክሮ፣ የጭሊሞም ተሞክሮ ሁሉ ወደዚህ ነጥብ ያመለክታሉ። ተራራ ሲያምር የሚያየው ይበዛል፤ የሚያየው ሲበዛ የኖረበት ሰው ከሥዕሉ ውስጥ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከወንጪ በላይ ያለው የዴንዲ ተራራ ሁለት ሐይቆች አሉት። ሐይቆቹ ቅርጻቸው እርስ በርስ ተጋጥሞ ከላይ ሲታዩ የስምንት ቁጥርን ይመስላሉ። ከዚያ የሚነሣው ሁሉቃ ቁልቁል እየተጣደፈ አምቦ ከተማን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከጉደርም ጋር ተገናኝቶ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በአምቦ ድልድዮች ላይ ቆሞ ውኃውን የሚመለከት ሰው፣ በክረምት መካከል ቀይ አፈር ይዞ ሲወርድ ያየዋል፤ በጥቅምት ደግሞ ጥርት ብሎ ሲፈስ። የአምቦ ሽማግሌዎች የወንዙን ቀለም አይተው ከላይ ስንት ዛፍ እንደ ቀረ መናገር ይችላሉ።

በሸነን በኩል ያለው ጅባት ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ጎብኚ አይበዛበትም፤ ጥናት ያደረጉ የዕፅዋት ሊቃውንት፣ ወፍ የሚቆጥሩ ጥቂት ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ የአካባቢው ሰዎች ይመላለሱበታል። ንብ አናቢው ቀፎውን በረጅሙ ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ቀርከሃ ቆራጩ ቅርጫትና ምንጣፍ ለገበያ ያዘጋጃል፤ እረኛው ዝናብ ሲመጣ በዝግባ ሥር ይጠለላል። ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ ከከተማይቱ ተነሥቶ በእርሻ መካከል ያልፍና ሳይታሰብ በዛፍ ጥላ ሥር ይገባል። ድንበሩን ከአፈሩ ለውጥ በስተቀር የሚያስታውቅ ነገር የለም። እርጥቡ ጥቁር አፈር የሚጀምርበት ቦታ ላይ ወፎቹ ይሰማሉ፤ አየሩም ይቀዘቅዛል።